ባዝራ የምታልበው ሙሽራ

የሞንጎሉ ካን ልጅ ሳርናይ በጥንቷ ኮሪያ ለጎርዮ ንጉሥ ስትዳር አሥራ ሁለት ባዝራ እያስነዳች መጣች። ንጉሡ ፈረስ ባየ ቁጥር የሚያስነጥሰው የዋህ ወጣት ነበር። ችግሩ ግን እሱ ሳይሆን እናቱ ነበሩ።

ንግሥት እናት ቤተ መንግሥቱን የሚገዙት በቅንድባቸው ነው። ሙሽራዋ ስትስቅ ጥርሷ እንዳይታይ፣ ስትራመድ ኮቴዋ እንዳይሰማ፣ ስትበላም እንዳትጠግብ አዘዙ። ሳርናይ ሦስት ወር ቻለችው። የባሕር ቅጠል ሾርባ እየጠጣች ከሳች። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት የሐር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ከዙፋን አዳራሹ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለችና ባዝራዋን ማለብ ጀመረች።

ለጉባኤ የሚገቡት ሹማምንት ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ዋናው አማካሪ ቾ ኢክ ባርኔጣው ተንሻፎ፣ «ንግሥት ሆይ፣ ይህ እኮ የቤተ መንግሥት ግቢ ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ይልቅ ውርንጭላውን ይያዙልኝ፣ እየገፋኝ ነው።»

በዚያው ቀን ሠላሳ ሹማምንት ማኅተማቸውን ያሳረፉበት አቤቱታ ንግሥት እናት ዘንድ ደረሰ። ወይ ባዝራዎቹ ይውጡ ወይ እኛ እንውጣ ይላል።

ንግሥት እናት ምራታቸውን ሊቆጡ ራሳቸው ወደ እልፍኟ መጡ። ሳርናይ ስልቻ ሰቅላ ወተት ትንጣለች።

«ልጄ፣ እናትሽ ምንም አላስተማረችሽም?»

«ይሄን አስተምራኛለች» አለችና በጎድጓዳ ሳህን ቀዳችላቸው።

የቀረበላቸውን መመለስ ነውር ነውና ቀመሱ። ፊታቸውን አጨማደዱ። ደገሙ። የባዝራ ወተት ሲቦካ እንደሚያሰክር የነገራቸው አልነበረም፤ ሳርናይም ለመንገር አልቸኮለችም። በሦስተኛው ሳህን ዘውዳቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ወረወሩት።

«ሠላሳ ዓመት አንገቴን የሰበረኝ ይሄ ነው» አሉ። «አማቴ ክፉ ነበሩ። በሳቅሁ ቁጥር ይቆነጥጡኝ ነበር፣ እዚህ ጋ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን እኔን...?»

«ሌላ የማውቀው የለኝማ።»

ሳርናይ ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አማቷም አብረዋት አለቀሱ። መሃል ላይ ንግሥት እናት አገሱና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

በማግስቱ ቾ ኢክ መልስ ሊሰማ ሲመጣ ንግሥት እናት ግንባራቸውን በጨርቅ አስረው አገኛቸው።

«ባዝራዎቹ ይቆያሉ። ወተታቸው መድኃኒት ነው» አሉት።

«የምን በሽታ መድኃኒት፣ እመቤቴ?»

«የእናንተ።»

ሹማምንቱ እንወጣለን ማለታቸውን ረሱት። ሳርናይ ሾርባውን መልመድ አልሆነላትም፤ ንጉሡም ማስነጠሱን አልተወም። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ገና ቁጭ ማለት ስትጀምር ኮርቻ ላይ ያወጧት አያቷ ናቸው።