ነጭ ነው፣ ሮዝ ነው

መቱ ገበያ አጠገብ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የሚሸጠው ሰማን ዓሣ ማርባት የጀመረው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። ጅማ ያገባችውን ልጁን ጣሂራን ሊጠይቅ ሄዶ ሳሎኗ ውስጥ ካለው የመስታወት ገንዳ ፊት ተቀምጦ ዋለ። ምሳ ሲቀርብ እንኳ ወንበሩን አላዞረም። ጣሂራ ይህን አየች። ለዒድ ስትመጣ አንድ ገንዳ ከነፓምፑ፣ አምስት ቀያይ ዓሦችም በላስቲክ ውስጥ ከነውሃቸው ይዛለት መጣች።

አንዲት ትንሽ ብልቃጥም ሰጠችው። ውስጧ ቀጫጭን የውሃ መመርመሪያ ወረቀቶች አሉ።

«ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ» አለች ለአባቷም ለእናቷም። «ጫፉ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ውሃው ደህና ነው። ሮዝ ከሆነ ግን ከቆሻሻቸው የሚመጣ መርዝ ተጠራቅሟል። ያኔ ከውሃው ሲሶውን ቅዱና በአዲስ ተኩ። የቧንቧውን ውሃ እንደቀዳችሁ እንዳትጨምሩ፤ ይደር።»

ሰማን ጠዋት ሱቅ ከመሄዱ በፊት ይመረምራል። ሚስቱ ዘህራ ደግሞ ቀትር ላይ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ነጭ አገኙ። ዓሦቹም ሰማን ሲቀርብ እየተሽቀዳደሙ ወደ መስታወቱ ይመጡ ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር መጎረስ ጀመሩ። ሰማን መረመረ። ነጭ። ቀትር ላይ ዘህራ መረመረች። ሮዝ። ውሃ ቀየረች። ማታ ሰማን ገብቶ ሲነክር ነጭ ነው፤ «በይ እሰይ፣ ጠራ» አለ። በማግስቱ ቀትር ላይ ዘህራ እንደገና ሮዝ አገኘች።

«አንተ ስትመረምር ነጭ፣ እኔ ስመረምር ሮዝ። ይሄ ወረቀት ሰው ይመርጣል እንዴ?» አለች።

«እርጥበት ገብቶበት ነው። የመቱ ክረምት ግድግዳ የሚያሻግት፣ ወረቀት ይተዋል?»

በዚያው ሳምንት አንዱ ዓሣ ሞተ። ሰማን በማንኪያ አውጥቶ ከጓሮው ቡና ሥር ቀበረው።

ጣሂራ አዲስ ብልቃጥ በሚኒባስ ላከች። ዘህራ ብልህ ናትና አስቀድማ ወረቀቱን ፈተነችው። የታሸገ ውሃ ገዝታ በብርጭቆ ቀዳችና አንዱን እሷ፣ አንዱን እሱ ነከሩ። ሁለቱም ነጭ አሉ። «ወረቀቱ ደህና ነው» ተባለ። ወደ ገንዳው ሲመለሱ ግን የእሱ ነጭ፣ የእሷ ሮዝ ሆነ።

ምናልባት እሷ ወረቀቱን አቆይታ ስለምታነብ ነው አሉ፤ በስልክ ሰዓት እየያዘች ማንበብ ጀመረች። ምናልባት ዓሦቹ ረፋድ ላይ የሚበሉት ምግብ ነው አሉ፤ ምግቡ ተቀነሰ። ምናልባት የቧንቧው ውሃ ነው አሉ፤ ሰማን በዝናብ ከምንጭ በጀሪካን አስመጣ። የቀየሩት ሁሉ አንዱንም አልለወጠውም። ሁለተኛው ዓሣ ሞተ፤ ሦስተኛው ወደ ጎኑ ማዘንበል ጀመረ። ሰማን የገዛ ምርመራውን አምኖ «ውሃው ደህና ነው፣ አታስጨንቂያቸው» እያለ ውሃ መቀየር ሲከለክል፣ ዘህራ እሱ ሲወጣ ጠብቃ ትቀይራለች።

አንድ አርብ ከጁምዓ እንደተመለሰ፣ «ነይ፣ ዛሬ አንድ ወረቀት ለሁለት እንይ» አላት።

እሷ ነከረች። ጠበቁ። መስኮቱ አጠገብ ይዘውት ቆሙ።

«ይኸው ነጭ» አለ ሰማን።

ዘህራ ሳቀች። «ቀልድህን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው?»

«የጣሂራ አባት፣ ሮዝ ነው እኮ። ደህና አድርጎ ሮዝ ነው።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ፊቱ ላይ ምንም ፌዝ እንደሌለ ስታይ ሳቋ ጠፋ። የሻሿን ጫፍ ሳብ አድርጋ አሳየችው።

«ይሄስ?»

«አመድማ።»

ሻሹን ለዒድ የገዛላት እሱ ራሱ ነበር። ሲገዛው ሮዝነቱን ወዶት ነበር። ዘህራ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሰማን ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ትብለጥ ትዝ አሉት። በቀደም ሮዝ ክር ብለው ግራጫ ሰጥቷቸው ሲመልሱለት፣ «እርስዎ የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው» ብሎ ተቆጥቷቸው ነበር። እሳቸውም እንዳከበሩት ሄደዋል። የሱቁ መቃን ትከሻውን ስንት ጊዜ እንደመታው፣ ሰዎች ከጎኑ ሆነው ሰላም ሲሉት ስንቴ እንደደነገጠ አሰበ። ለሁሉም ምክንያት አበጅቶለት ነበር፤ አምፖሉ፣ ድካሙ፣ ዕድሜው።

መቱ ያዩት ሐኪሞች ጅማ ይሂድ አሉ። ጅማ የመረመረችው ዶክተር ሰኚ የምትባል ወጣት ናት። ረጅም ጊዜ በመሣሪያዋ አየችው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ቀስ ብላ ነገረችው፤ የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ተጎድቷል።

«አሞኝ አያውቅም እኮ» አለ ሰማን።

«አያምም፣ ጋሼ። ክፋቱም እሱ ነው።»

«መቼም መድኃኒት አለው።»

«የሄደው አይመለስም። ይሄ ጠብታ የቀረውን እንዲያቆይልዎ ነው። አንድም ቀን እንዳያቋርጡ።»

ዘህራ «ዶክተር፣ መነጽርስ?» ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አብራቸው የመጣችው ጣሂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መቱ ሲመለሱ የተረፉት ዓሦች ሁለት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚመረምረው የዘህራ ዓይን ብቻ ሆነ። ሮዝ ስታይ ቀየረች፤ ቀስ በቀስ ሮዙ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ቀን ነጭ ወጣ። ዓሦቹም ወደ ታች ወርደው መዋኘት ጀመሩ። ሮጣ ሱቅ ድረስ ሄዳ ነገረችው። «አልሃምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ ደንበኛው የጠየቀውን ክር እንድታወርድለት ለመናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ አብራው መዋል ጀመረች።

ጠብታው መቱ ባሉት መድኃኒት ቤቶች አልነበረም። ጣሂራ በየጊዜው እየገዛች በሚኒባስ ትልካለች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ አለ ተባለ፤ ነገ ይከፈታል ተባለ፤ አልተከፈተም። ስልክ ሲሠራ ጣሂራ «ገዝቼ ይዤዋለሁ አባዬ፣ እጄ ላይ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ዘህራ የመጨረሻውን ብልቃጥ ገልብጣ፣ አራግፋ፣ ለወጣችው አንዲት ጠብታ ከሁለት ዓይኖቹ አንዱን መረጠች። በማግስቱ ያቺ ጠብታም አልነበረችም።

ሰማን ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ መሄድ ለመደ። ሾፌሮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ሂንጅሩ፣ ጋሼ» ይሉታል፤ የለም ማለታቸው ነው። እሱም አመስግኖ ይመለሳል። ማንን ይቆጣል? ሾፌሮቹም ልጆች አሏቸው። ቤት ገብቶ በባዶ ቤት ዓይኑን ይጨፍናል፤ መጨፈን የቀረችውን የዓይን ብርሃን የሚያቆይለት ይመስለው ጀመር። ዘህራ አንድ ቀን እንዲያ ሆኖ አግኝታው ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

መንገዱ ሲከፈት ጠብታው መጣ። ሦስት ብልቃጥ ነበር፣ በጥጥ ተጠቅልሎ። ሰማን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ገንዳው ፊት ወንበሩን አደረገ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ውሃው ጥርት ብሏል።

«ዘህራ፣ አንዱ ሞተ እንዴ?» አለ።

«የለም። ምነው?»

«አንዱን ነው የማየው።»

ዘህራ ከጓዳ ወጥታ አየች። ሁለቱ ዓሦች ጎን ለጎን፣ ከመስታወቱ ሥር፣ እሱ ፊት ለፊት ነበሩ። የጠብታውን ብልቃጥ አመጣችና ክዳኑን ከፈተች።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። እሷም አገጩን በአንድ እጇ ደግፋ ጠብታውን አደረገችለት።