የሹንዴ አባት ልጅ

ወርቂቱ ቅቤውን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ አሰረችው። ቋጠሮው አልጠበቀላትም፤ ፈታችና እንደገና አሰረች። ሀዲጃ ከጨው ከረጢቶቿ መሀል ተቀምጣ ታያታለች።

«ለአስተርጓሚው ለከፈለኝ ከሆነ እንዳሻሽ እሰሪው» አለቻት። «እሱ መሬት የወደቀውንም አያልፍም።»

«ይብላው። ብቻ ባሌን ያስፈታልኝ።»

«ያስፈታል መቼ አልኩሽ? መብላቱን ነው የነገርኩሽ።»

ሀዲጃ ወላጆቿ ከሸዋ በኩል የመጡ ነጋዴ ናት፤ ዲላ ገበያ ዳር ጨውና አቡጀዲ ትሸጣለች። ወርቂቱ ከመንደሯ ከዱመርሶ ቡና ይዛ ስትወርድ የምታርፈው እሷ ጋ ነው። አሁን ግን ቡና አላመጣችም። ባሏ በራሶ ዲላ ታስሯል። ቅዳሜ እስረኞቹ በካሚዮን ወደ ይርጋለም፣ ከዚያም ወደ ሞቃዲሾ ይጫናሉ ተብሏል። ከሞቃዲሾ የተመለሰ ሰው በዱመርሶ አይታወቅም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ጣሊያኖች ጎጆ የሚቆጥር ሰው ወደ ዱመርሶ ሲልኩ በራሶ ሌላ መንደር ለቅሶ ሄዶ ነበር። ወርቂቱ ከጓሮ እንሰት ስትፍቅ አስተርጓሚው ከፈለኝ መጣ፤ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የባለቤቱን ስም ጠየቃት። በራሶ አለችው። የአባቱንስ ስም? እዚህ ላይ ዝም አለች።

በአገሯ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ሰውየው ቢሞትም አትጠራም። ሰው ሲጠይቃት አጠገቧ የቆመ ሌላ ሰው ይጠራላታል። ያን ቀን አጠገቧ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ምራቶች እንደሚያደርጉት በበኩር ልጁ አዙራ «የሹንዴ አባት ልጅ ነው» አለች። ሹንዴ የበራሶ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ከፈለኝን ፀሐዩ አሰልችቶት ነበርና ነገሩን አሳጠረው። «በራሶ ሹንዴ» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጎጆ ሄደ።

በራሶ ሹንዴ የሚባል ሰው ደግሞ አለ። የኮንጋ ሰው ነው። ክረምቱ ሳይገባ ለጣሊያን ጦር ዱቄት የጫነ መኪና አቃጥሎ ጫካ ገባ። የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች የሆኑት አስካሪዎች ስሙን ይዘው መዝገብ ሲያገላብጡ ዱመርሶ ላይ አገኙት፤ ሄደውም የወርቂቱን ባል ከእንሰቱ መሀል አውጥተው አሰሩት።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ዲላ ወርደው ሰውየው ሌላ መሆኑን መስክረው ነበር። ከፈለኝ «ቃሉን የሰጠችው ሚስቱ ናት፤ በአፏ የገባውን በአፏ ታውጣው» ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሯት አንዳቸውም ፊቷን አላዩም። ጥሪው አላሏትም፤ አትጥሪው አላሏትም።

የጣሊያኖቹ መዝገብ ቢሮ በር ላይ ሀዲጃ ቀረች። ወርቂቱ ብቻዋን ገባች። ጣሊያኑ ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ብርቱካን ይልጣል። ከፈለኝ አጠገቡ ቆሟል፤ ቅቤውን ተቀብሎ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ያስታውሱኛል ጌታዬ? ዱመርሶ መጥተው ነበር» አለችው ከፈለኝን።

«የስንቱን ሴት መልክ ላስታውስ? ጉዳይሽን ተናገሪ።»

«ስሙ ተሳስቷል። ባሌ የሹንዴ ልጅ አይደለም። ወንድሙ ነው።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነው?»

ወርቂቱ ወደ መሬት አየች።

«ይኸው እንግዲህ» አለ ከፈለኝ። «እኛ የፈጣሪን ስም ስንጠራ እንውላለን፤ አንቺን የአንድ ሽማግሌ ስም ያንቅሻል።»

ጣሊያኑ ብርቱካኑን እየከፈለ አንድ ነገር ተናገረ።

«ጌታው ጊዜ የለኝም ይላል። ከተናገርሽ ተናገሪ፤ አለዚያ ውጪ።»

የባሏ አባት በሕይወት ሳለ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ቆሞ ያስል ነበር፤ ነጠላዋን እንድታስተካክል ጊዜ ይሰጣታል። እሷም ለሱ ስትል፣ ስሙን የሚመስሉ ቃላትን እንኳ በሌላ ቃል እየተካች ነው የኖረችው። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ውኃ ያጠጣችው እሷ ነበረች። ያኔም ቢሆን ስሙን አልጠራችውም።

«ጅግሶ» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ጅግሶ።»

ጣሊያኑ ብዕሩን አንስቶ እጁን ጆሮው አጠገብ አደረገ። ከፈለኝ ወደ እሷ ዞረ። «ለጆሮው ከብዶታል። እየቆራረጥሽ ጥሪለት።»

እየቆራረጠች ጠራችለት። ጣሊያኑ እሷን ተከትሎ ስሙን በራሱ አፍ ሞከረው፤ ሳቀ፤ ጻፈው። ከፈለኝም አብሮት ሳቀ።

«አለቀ» አለ ከዚያ። «የዱመርሶው ጎጆ የበራሶ ጅግሶ ሆኗል። ሂጂ።»

«ባሌስ መቼ ይፈታል?»

«የትኛው ባልሽ?»

«በራሶ ነዋ።»

«እስር ቤት ያለው በራሶ ሹንዴ ነው፤ ሽፍታ ነው። በራሶ ጅግሶ የሚባል እስረኛ የለም።»

«አንድ ሰው ነው እኮ ጌታዬ።»

«አሁን አይደለም እንዴ አንድ አይደሉም ያልሽው? ጌታውም ሰምቶሻል።»

ወርቂቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «የእስር ቤቱንም መዝገብ አስተካክሉት» አለች።

«እሱ የወታደሩ ነው። እኛ የምንጽፈው ጎጆና ግብር ነው።» ጣሊያኑ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከፈለኝ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ተረጎመ። «ጌታው በራሶ ጅግሶ የት ነው ያለው ይላል። ቤት አለው፤ ግብር አለበት። ለምን ራሱ አልመጣም?»

«ታስሯል።»

«አልታሰረም አልኩሽ። እስከ ቅዳሜ መጥቶ ካልታየ ጫካ ገባ ተብሎ ይጻፋል።» ከፈለኝ በሩን ከፈተላት። «ባል በዛብሽ እኮ። አንዱ ታስሮ፣ አንዱ ሸፍቶ።»

ሀዲጃ ከበሩ ማዶ ጥላ ሥር ቆማ ነበር።

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት።»

«ታዲያ?»

ወርቂቱ ነገረቻት። ሀዲጃ ሰምታ ስትጨርስ «ቆይ እኔ ልግባና ልንገረው» አለች።

«ምን ብለሽ?»

 ወደ ሱቅ ተመለሱና ቆጮና የተቀቀለ ጎመን ቅርጫት ውስጥ አደረጉ። እስረኛን የሚያበላው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ የሌለው ከሌላው ይለምናል። መንገድ ላይ የዱመርሶ ሴቶች አገኟቸው፤ ወርቂቱ ሰላም እስኪሏት አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለፈች። ስሙን መጥራቷን ማንም እስካሁን አልሰማም። ከፈለኝ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ወሬው እሷን ቀድሞ አገሯ ይገባል።

እስር ቤቱ በር ላይ የቆመው አስካሪ ቅርጫቱን ገልጦ በጣቱ ፈተሸው።

«ለማን ነው?»

«ለበራሶ።»

«በራሶ ማን?»

ወርቂቱ ወደ ሀዲጃ አየች። ሀዲጃ ወደ ግድግዳው አየች። አስካሪው እየጠበቀ ነው፤ ከኋላቸውም ሌሎች ሴቶች ምግብ ይዘው ተሰልፈዋል።

«ሹንዴ» አለች ወርቂቱ።

አስካሪው ቅርጫቱን ይዞ ገባ። ከግቢው ውስጥ ጮክ ብሎ «በራሶ ሹንዴ» ሲል ተሰማ። የባሏ ድምፅ ሳይዘገይ «አቤት» አለ፤ ስሙን ለምዶታል።

ሁለቱ ሴቶች ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ሀዲጃ ምንም አልቀለደችም። ፀሐዩ ዞሮ ጥላው ካጠረ በኋላ ቅርጫቱ ባዶውን ተመለሰ። ወርቂቱ ፍርፋሪውን አራገፈች፤ ውስጡን በቅጠል ጠረገችው፤ ከዚያ ነገም በዚያው ስም ምግብ ልታስገባበት ደፍታ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው።