155ን ማን ወሰደው?

«ቁጥሬን ማን ወሰደው?»

እማማ እታለም ስልካቸውን በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። የነጠላቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። ከቡሬ መንገድ በሚኒባስ መጥተው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በእግራቸው ነው የደረሱት።

የመጻሕፍቱ ኃላፊ ንግሥቴ ወንበር ሳበችላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ የቴሌግራም ቻናል የእርሷ የእጅ ሥራ ነው። መጻሕፍቱ በመደርደሪያው ላይ በቁጥር እንደሚቆሙ ሁሉ፣ ከኢንተርኔት የለቀመቻቸውን ድምፆችና ጽሑፎችም በዚያው ቁጥር ደርድራቸው ነበር፤ 633 እህል፣ 636 ከብትና ዶሮ፣ 638 ንብ። ፈላጊው ቁጥሩን ሲጽፍ ዘመዳሞቹ ሁሉ ተከታትለው ይወጡለታል። ባለፈው ሳምንት ግን የኮምፒውተር ባለሙያው አንዷለም «በዚህ ዘመን ማን ቁጥር ያጠናል?» እያለ ስለወተወታት፣ ቁጥሮቹን አንሥቶ በስም እንዲተካቸው ፈቀደችለት።

«እኔ ነኝ ያነሣሁት፣ እማማ» አለ አንዷለም ከኮምፒውተሩ ኋላ ብቅ ብሎ። «አሁን ‹ዶሮ› ብለው ቢጽፉ ይመጣልዎታል።»

«እኔ ‹ዶሮ› ብዬ መጻፍ ብችል ኖሮ፣ በአንተ ወንበር ላይ እኔ በተቀመጥሁ ነበር!»

አንዷለም ሳቀ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም። እማማ እታለም ፊደል አልቆጠሩም። አኃዝ ግን ስልክ ሲደውሉ ለምደውታል። ንግሥቴም ይህን ዛሬ ገና ማሰቧ ነው። ቁጥሮቹን ያኖረቻቸው የተዝረከረከ ነገር ስለማትወድ እንጂ ለማንም ብላ አልነበረም።

«የዶሮውን አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ» አለች።

«ዶሮዎቼማ ድነውልኛል። የመጣሁት ለአንድ መቶ ሃምሳ አምስቱ ነው።»

ንግሥቴ ብዕሯን አስቀመጠች።

በዚያ ቁጥር ሥር የነበረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዴት እንደሚውል አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ታወራበታለች። ንግሥቴ የባሏ አርባ በወጣ ሳምንት ነበር የጫነችው። ርእስ አልጻፈችበትም።

«እሱን አጥፍቼዋለሁ» አለ አንዷለም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ርእስ የለውም። እትዬ ንግሥቴ፣ ስም አውጪለት ብዬ ሁለቴ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

ጠይቋታል። ሁለቴም «ቆይ» ብላዋለች።

«እንዴት አገኙት ግን፣ እማማ?» አለች።

«ዶሮዎቹን እየጠበቅሁ ቁጥር ስነካካ ነዋ። ልጄ ባምላኩ ካረፈ ወዲህ፣ ቁጥሩ እስኪጠፋብኝ ድረስ፣ ያችን ሴት ሳልሰማ የዋልሁበት ቀን የለም። እኅቱ ፊደል ታነባለች፤ በስም ብትጽፉት ምን እንደምሰማ አይታ ታለቅስብኛለች። ቁጥር ግን ምሥጢር አያወጣም።» ወደ ንግሥቴ ጠጋ አሉ። «ጠፋችብኝ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልጠፋችም። እኔ ጋ አለች።»

ስልኳን አወጣች። ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ትናንትም ሰምታዋለች። አንዷለም በትከሻዋ በኩል አየ፤ እዚያም ስሙ 155 ብቻ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

«ሁሉንም ቁጥር እመልሳለሁ» አለ። «ቁጥሩ ከላይ፣ ስሙ ከሥር ይሁን። ይኸኛውስ?»

«ይኸኛው ቁጥሩ ይበቃዋል።»

በቻናሉ ላይ መልሳ ላከችው። የእማማ እታለም ስልክ ጢን አለ። ንግሥቴ አኃዞቹን አንድ በአንድ ሲጫኑ አየቻቸው፤ ከዚያም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ» አለ አንዷለም። «ሰሞኑን የላኪው ስም እንዲታይ አድርጌዋለሁ። ያንቺ ስም ከሥሩ ወጥቷል፤ የከፈተው ሁሉ ያየዋል። ስምሽን ላጥፋው?»

እማማ እታለም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ባለሙያዋ የምትለውን እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ንግሥቴ የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሱ ከከንፈራቸው ዐወቀች።

«ተወው» አለች። «ይታይ።»