ጥቁሩ ደለል

ላሟ ለመነሳት ሞከረችና የፊት እግሮቿ ከዷት። አምሳል አንገቷን አቅፋ ወደ ላይ ሳበቻት፤ አልቻለችም። ከላሟ አፍ አረፋ ይወርዳል፤ ጎኗ ይንቀጠቀጣል።

"ሻሽ! ተነሽ እንጂ እናቴ!"

ጠዋት ታልባ ስትሰማራ ደኅና ነበረች። ቦዩ ዳር ከተከመረው ጥቁር ደለል ሥር የተቋጠረውን ውኃ ስትጠጣ ግን አምሳል በዓይኗ አይታታለች። ውኃ ነው ብላ ዝም አለቻት። አሁን ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የቁፋሮ ማሽኑ፣ እስካቫተሩ፣ ወደሚያጓራበት ወደ ቦዩ አፍ ሮጠች።

ቦዩ ከቁሐር ሚካኤል በታች ባለው ሜዳ ላይ የሚተኛውን የክረምት ውኃ ወደ ጣና የሚያወጣ ነው። ለዓመታት በደለል ተደፍኖ ስለቆየ ጎርፉ መውጫ እያጣ የገበሬውን ሩዝ አፍኖ ይገድለው ነበር። ሩዝ ውኃ ቢወድም አናቱን ሲውጠው ይበሰብሳል። ዘንድሮ ገበሬዎቹ ደጅ ጠንተው ማሽን አስመጡ፤ ቁፋሮውም ሰመረ። ሐይቁ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን የሚወጣው ደለል መልኩ ተለወጠ። እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው። ላዩ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"አቁም!" ብላ ጮኸች አምሳል። "አቁም እንዳልካቸው! ደለሉ ላሜን ሊገድላት ነው!"

እንዳልካቸው የማሽኑ ነጂ ነው። ሞተሩን አጠፋና በመስኮቱ ብቅ አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"እኔንም እኮ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል፣ እትዬ።"

"ማን አጥፋ አለህ?" አሉ ይርዳው ከቦዩ ማዶ። የአምሳል ሟች ባል ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ማሽኑን ለማስመጣት ከወረታ ባሕር ዳር የተመላለሱትም እሳቸው ነበሩ። "ላም በስንቱ ትታመማለች! ሰማዩን አታዩትም?"

ከምሥራቅ በኩል የጉና ተራራ አይታይም። ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሟል።

በዚህ መሀል አይናለም የምትባለው የውኃ ባለሙያ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ደረሰች። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ጥሏት በእግሯ ነው የመጣችው። ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ደለል ወስዳ አስመርምራ ነበር።

"ስልካችሁን አታነሱም እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ ስደውል!" አለች እያለከለከች። "ያ በጎርፍ የፈረሰው አሮጌ መጋዘን ትዝ ይላችኋል አይደል? ውስጡ የነበረው የተባይ መድኃኒት በርሜል ሁሉ እዚህ ነው የተቀበረው። ደለሉ መርዝ ነው።"

"እና ይውጣ እንጂ! መርዝ ከሆነ አውጥተን እንጣለው!" አሉ ይርዳው።

"የት ይጥሉታል? አሁን ተኝቶ ነው ያለው። ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ከሥር ተኝቷል። ካልነካነው ብዙም አይሄድም። ከፈነቀልነውና ጎርፉ ካገኘው ግን ጠቅላላው ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ዓሣው ይበላዋል፣ ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል።"

"እና እንዴት ይሁን ትያለሽ?"

"ሥሩ ያለውን ውኃ በማያሳልፍ ንጹሕ መረሬ አፈር ደፍነን፣ ደልድለን እንተወው። የወጣውንም ክምር ዝናብ እንዳያጥበው ሸራ እናልብሰው፤ በኋላ ጉድጓድ ተዘጋጅቶለት ይቀበራል።"

"ቦዩን ልትደፍኚው!" ይርዳው ዱላቸውን ጭቃው ላይ ሰኩ። "ልጄ፣ ይህ ሜዳ ላይ ስንት ጎጆ እንዳለ ታውቂያለሽ? ዘንድሮም ሩዙ ከሞተ ልጆቻችንን ደለሉን እናብላቸው?"

አይናለም መልስ ከመስጠቷ በፊት የይርዳው ስልክ ጮኸ። እብናት የሚኖር ዘመዳቸው ነው። ድምፁ ለሁሉም ይሰማል፤ የርብ ወንዝ ከላይ ሞልቷል፤ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። እስኪመሽ ሜዳው ላይ መድረሱ ነው።

አንዲት ሴት ከግጦሹ በኩል እየሮጠች መጣችና አምሳልን ክንዷን ያዘቻት።

"እግዜር ያጥናሽ እቴ። ሻሽ አለፈች።"

አምሳል አላለቀሰችም። ሐይቁን ነበር የምታየው። ትሁን የምትባለው ልጇ እዚያ የታንኳ ደንገል ከሚበቅልበት ዳርቻ ለዓሣ አጥማጅ ተድራለች፤ አራስ ናት። የምትጠጣውም፣ ጨርቅ የምታጥበውም፣ የምትበላውም ከዚያው ነው። አንዲት ኩሬ ውኃ ያቺን የምታህል ላም ጣለች። ጨቅላ ልጅ ምን አቅም አለው?

"ውኃው ሌላ መውጫ የለውም?" አለች ድንገት።

"አለ" አለች አይናለም፣ መሬት መሬት እያየች። "ጥቁሩ ካለበት መታጠፊያ በፊት ወደ ግራ ቢቀደድ ወደ ሐይቁ አጭር ነው። ከዚያ የሚወጣው አፈርም ለመድፈኛው ይበቃል። ግን..."

ግራው የአምሳል ማሳ ነው። ያላት እሱ ብቻ ነው። ሩዙ ጉልበት ደርሷል፤ ነፋሱ በላዩ ሲያልፍ ይተኛል፣ መልሶ ይነሳል።

"አይሆንም!" አሉ ይርዳው። "የወንድሜን መሬት በማሽን አላስገምስም። እሱ ሲሞት አደራ ያለው እኔን ነው። እንዳልካቸው፣ ሞተርህን አስነሳ! ጥቁሩን ቁፈረው! የመጣው ይምጣ!"

እንዳልካቸው እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ አምሳልን አያት።

"ጋሼ ይርዳው" አለች። ከቦዩ ወዲህ ሆና ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። "ትሁንን መርቆ የዳራት ማነው?"

"እሱን ምን አመጣው?"

"ልጇን የሚያጥቡት በዚህ ውኃ ነው።"

ይርዳው ዱላቸውን ከጭቃው ነቅለው ይዘውት ቆሙ።

"ምን ትበያለሽ ታዲያ?" አሉ፣ ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ። "ላምሽም ሄደች። መሬትሽም ሊሄድ ነው።"

"እኔ እንጃ" አለች አምሳል። እውነቷን ነበር። ምን እንደምትበላ አታውቅም። የምታውቀው ውኃው እየመጣ መሆኑን ነው።

ቀሚሷን ሰብስባ ማሳዋ ውስጥ ገባች። ሩዙ ጉልበቷን ዳሰሳት። እስካቫተሩ ሞተሩን አስነስቶ እየተንገጫገጨ ተከተላት፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንዳልካቸው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እትዬ፣ ከዳሩ ልጀምር? ምናልባት ውኃው ባይመጣ... መሃሉ ሊተርፍልሽ ይችላል።"

አምሳል ዞራ ደመናውን አየች። ከዚያ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ከዳር ከጀመርክ ሐሳቤን እለውጣለሁ" አለችው። "ከመሃል ጀምር።"