የመሪጌታ ሙላቴ ልጅ

"ልጆቻችሁን አውጡ!"

መሪጌታ ሙላቴ በመቋሚያቸው የአዳራሹን ወለል መቱት። ግድግዳው ላይ የተቸነከረውን አግዳሚ እንጨት ይዘው እግራቸውን የዘረጉት ልጃገረዶች እንደቆሙ ደረቁ። አስተማሪያቸው ፈንታነሽ ሙዚቃውን አጠፋች።

"አባየ፣ ልጆቹን አያስፈራሩብኝ። ጠብዎ ከእኔ ጋር ነው።"

"ከአንቺ ጋር ምን ጠብ አለኝ? አንቺን ከቀበርኩሽ ቆየሁ።"

ጥግ ተቀምጠው ልጆቻቸውን ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ቀና ብለው አላዩአትም። የልጆቻቸውን ጫማ እየለቀሙ፣ እጃቸውን እየጎተቱ ወጡ። "እኛማ ስፖርት መስሎን ነው" አለች አንዷ፤ ይህን ያለችው ለመሪጌታው ነበር።

ፈንታነሽ ከደብረ ታቦር የጠፋችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። አዲስ አበባ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ውዝዋዜ ተማረች፤ ከዚያ ጀርመን አገር ተሻገረች። የእግሯ ጥፍር እየወለቀ፣ ከኋለኛው ተርታ ተነሥታ የአንድ ባሌት ቡድን መሪ ተወዛዋዥ እስከመሆን ደረሰች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨብጭቦላታል። ዳሌዋ ሲጎዳ ግን ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ። አገሯ ገብታ ከገበያው ጀርባ ይህን አዳራሽ ተከራየች፤ ማደሪያዋ አባቷ ቤት ቢሆንም እሳቸው ከእሷ ጋር ማዕድ ቀርበው አያውቁም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን መሪጌታው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይኸኛው ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

"ጭንሽን ገልጠሽ የተነሣሽው ፎቶ እዚህ ድረስ መጣ። ተማሪዎቼ በስልክ ተቀባበሉት። 'የገዛ ልጁን መያዝ ያቃተው ማኅሌት እንዴት ይመራል?' ተባልኩ። የመሪነት ወንበሬን ለሌላ ሰጡት። ይህን ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። እናቷ በስልክ ሁልጊዜ "ደህና ነን" ነበር የሚሏት።

"በዚህ አዝናለሁ፣ አባየ።"

"ኀዘንሽ ምን ያደርግልኛል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመሽ 'ኀጢአት ሠርቻለሁ፣ ትቼዋለሁ' ትያለሽ። ካላልሽ ከቤቴ ደጃፍ እንዳላይሽ።"

"አንቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራዬን ግን ኀጢአት ነው አልልም። ሰውነት እንደሚያመሰግን ያየሁት ከአንቱ ነው፤ ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ።"

መቋሚያው ወደ ላይ ተነሣ። አልወረደባትም።

"የያሬድን ዝማሜ ከዚያ ጋር? ምላስሽ ይቆረጥ!" ብለው ጥለዋት ወጡ።

ቤት ስትደርስ ሻንጣዋ ከአጥሩ ውጪ ጭቃ ላይ ተጥሏል። እናቷ ወይዘሮ ካሰች በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን አወጡ።

"ለአፍሽ ብቻ በይው፣ ልጄ። አባትሽ እኮ ነው።"

"ለአፌ ብቻ ካልኩትማ አባየንም ዋሸኋቸው፣ እማየ።"

ከውስጥ የመሪጌታው ድምፅ መጣ፦ "ካሰች! በሩን ዝጊ!"

በሩ ተዘጋ። ፈንታነሽ የሻንጣዋን ጭቃ በእጇ ጠረገችና የሚያልፍ ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ሻንጣውን እየጫነ ሰዓቱን አየ።

"መናኸሪያ ነው አይደል? የባሕር ዳሩ መኪና ሳይወጣ እንደርሳለን።"

ዘወር ብላ አጥሩን አየች። ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው አልነበረም።

"ከገበያው ጀርባ ካለው አዳራሽ አድርሰኝ" አለችው። "በመንገዳችን ግን ፍራሽ የሚሸጥበት ቦታ ቁምልኝ።"