አጥፊው

ስልኩ ሲጠራ ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን እጅጌ ጥላ ተነሳች። በሥራ ሰዓት የሚጠራ ስልክ ደህና ወሬ ይዞላት መጥቶ አያውቅም። ወይ አንድ ሰው ወድቋል፣ ወይ አንድ ሰው ታሟል፣ ቢቀል ቢቀል የአንዱ ደንበኛ ሱሪ ጠቦታል። ዛሬ ደግሞ ልጇ ፈተና አለባት።

«እማ፣ ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም» አለች ልጅቷ። ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«ምንም አልሆንኩም! ስድስት ሰዓት ላይ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፤ ለጥገና ነው አሉ። እሱ ሳይጠፋ በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፊው።»

«እኔ? አትንኪው አላልሽኝም?»

«አሁን ንኪው በቃ። መብራት በድንገት ከሄደበት ሊበላሽ ይችላል። ስክሪኑ ላይ አለልሽ፤ በራሳችን ፊደል ነው የጻፍነው፣ ማንበብ ብቻ ነው። ስልክ እየሰበሰቡ ነው፣ ገባሁ!»

«ቆይ እስቲ፣ የቱን ነው የም...»

ተዘጋ።

ኮምፒዩተሩ የእነሱ አይደለም። የተማሪዎቹ የኮምፒዩተር ክበብ ነው፤ ሰርቨር ይሉታል። የክበቡ ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ለሁለት ሳምንት ብለው አምጥተው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጡት። ውስጡ የሃያ ሦስት ተማሪዎች ድረ ገጽ አለ፤ አንዱ የአውቶቡስ ሰዓት የሚናገር፣ አንዱ የወደቀ ዕቃ የሚያፋልግ፣ ሌላውም ሌላ። አብዛኞቹ የራሳቸው ኮምፒዩተር ስለሌላቸው የዓመት ልፋታቸው ያለው እዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ቅጂ የሚያዝበት ሌላ ዕቃ ነበራቸው፤ ጣሪያው ያፈሰሰው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሥራቸውን መምህራን ፊት ያቀርባሉ፣ ውጤትም በዚያው ይሰጣቸዋል። የሰርቨሩ ኃላፊ ደግሞ ልጇ ናት። «ኃላፊ» የሚለውን ቃል ልብስ ሰፊዋ አትወደውም። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ማለት ነው።

ሣጥኑ ቤቷ ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። በየሰዓቱ ጀርባውን በመዳፏ ትነካዋለች፣ ሞቆ እንደሆነ። እሱ እያለ ካውያ አትሰካም። ጎኑ ላይ ውኃ አታስቀምጥም፣ ከሩቅ የምትጠጣውን ውኃ እንኳ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትጠጣው።

ሰዓቱን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

እውነትም በአማርኛ ነው። የሃያ ሦስቱ ሥራዎች ስም በሀ ሁ ተራ ተደርድሯል። ከላይ በቀይ፣ የመዳፍ ያህል ሰፍቶ፣ «ሁሉንም አጥፋ» ይላል። ከታች ጥግ ላይ፣ ዓይኗን አጥብባ ካላየችው የማይነበብ፣ ግራጫ ቃል አለ፤ «ዝጋ»።

ሁለቱን አስተያየቻቸው። የሚዘጋ በር ነው፣ መስኮት ነው። ልጇ ዝጊው አላለቻትም፤ አጥፊው ነው ያለቻት። ቃሉ ይኸው፣ ፊደሉ ሳይጎድል፣ ያውም በቀይ። ማንበብ በመቻሏ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማት። ተጫነችው።

«እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቃት። ሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ።

ወንድ መስላዋለች። እርግጠኛ መሆንስ፣ በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሳ የምትነካ ሴት መቼ ስለምን እርግጠኛ ሆና ታውቃለች? ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። «አዎ»ን ተጫነች።

የመጀመሪያው መስመር ደበዘዘና ተሰወረ። «ሁለት ጎማ፦ ጠፋ» አለ ስክሪኑ። ቀጥሎ ያለውም ደበዘዘ። የሱቅ መብራት ተራ በተራ ሲጠፋ መሰላትና ትንፋሿን ለቀቀች። ሦስተኛው ሄደ። አራተኛው። ያኔ ነው ዓይኗ ከሥር ያለው ጽሑፍ ላይ ያረፈው፤ «የቀሩ ሥራዎች፦ 19። የጠፋውን መመለስ አይቻልም።»

የጠፋ መብራት ይመለሳል እንጂ! መመለስ አይቻልም ማለት ምን ማለት ነው?

«አይ» የሚለውን ፈለገች፤ የለም። «ተው!» አለችው ሣጥኑን፣ ሰው ይመስል። «ተው፣ ተው አልኩህ!» ቁጥሩ 18 ሆነ። 17 ሲል ሰርቨሩን ትታ ወደ ግድግዳው ሄደችና፣ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ሁሉንም ነገር እንደምትነቅለው፣ ሶኬቱን መንጭቃ ነቀለችው።

ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስፈራራት የከረመው ጉምጉምታ አሁን ዝም ማለቱ ባሰባት።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራቱ ሄደ። ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ ሐሳብ ቀስ ብሎ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ሶኬቱን መልሳ ብትሰካውስ? መብራት ሄደ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ፣ አለቀ። ማን ያውቃል? ተነሳችና ሰካችው። ግን ልጇ ታየቻት፤ መምህራን ፊት ቆማ፣ ስድስት ተማሪዎች ከበዋት፣ «ምን አደረግሽብን?» ሲሏት። ከክበቡ ስትባረር። ከትምህርቱ ስትባረር። ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ። አንድ ስፌት ሳትሰፋ ሰባት ሰዓት ሆነ።

በሩ ሲንኳኳ ዘላ ተነሳች። ልጇ ናት፣ ከክበቡ ሊቀመንበር ጋር። ሸምበቆ የመሰለ ረጅም ልጅ ነው፤ ሰርቨሩን ወደ አዳራሹ ለመውሰድ ታክሲ ይዞ መጥቷል።

«ማዘር፣ እንደምን ዋሉ? ልጃችን አላስቸገረዎትም?» አለ ሣጥኑን እየመታ።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» ልትል አስባ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አውቃለሁ እማ፣ እኔ አይደለሁ አጥፊው ያልኩሽ? ጎበዝ።»

«አይደለም... አጥፍቻለሁ ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ ጥሩ አደረግሽ።»

«ማዘርን ለክበቡ አባልነት እናጫቸዋለን» አለ ሊቀመንበሩ።

ቃሉ አፏ ውስጥ ተንከባሎ ቀረ። ሌላ ቃል ፈለገች፣ አጣች። እነሱ ሳቅ ላይ ናቸው። ሰባት ተኩል ሲሆን አምፖሉ በራ።

«ከመጫናችን በፊት አንዴ እናስነሳውና እንየው» አለች ልጅቷ። ጎንበስ ብላ ጣቷን ወደ ሣጥኑ ማስነሻ ሰደደች።

ልብስ ሰፊዋ የልጇን አንጓ ጨመደደችው።

«እማ! አመመኝ!»

«አትንኪው! ቀዩን ነው የተጫንኩት። ቀዩን! አዎም አልኩት። ስሞቹ ተራ በተራ ሄዱ፣ አሥራ ሰባት ሲቀር ከግድግዳው ነቀልኩት። መብራት አይደለም የወሰደው፣ እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅቷ ጣቷን እንደዘረጋች ቀረች።

«እንዳታስነሺው» አለ በሹክሹክታ። «መብራት ስለሚያቋርጠን የጀመረውን ሥራ ከቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ ነው የጻፍኩት። ልክ ሲነሳ የቀሩትን አሥራ ሰባቱንም...»

አልጨረሰውም። ሦስቱም እጃቸውን ከሣጥኑ አራቁ፣ የሚናከስ ይመስል።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። «በዚህ እናስነሳው። የራሱ ፕሮግራም ሳይነሳ ሥራዎቹን እንቀዳለን።» ፍላሹ ሁለቴ አልገባ አላት። እናትየው ግድግዳው ሥር፣ ሶኬቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ አንድ ነገር ደብዘዝ ካለ ልትመነጭቀው። ጉምጉምታው ተነሳ።

«አሥራ አምስት... አሥራ ስድስት...» ልጅቷ ትቆጥራለች። «አሥራ ሰባት። አሉ።»

ሊቀመንበሩ የስፌት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ከሄዱት ውስጥ የመጀመሪያው ስም ምን ይላል ማዘር?»

«ሁለት ጎማ።»

«የእኔው ነዋ!» ጭንቅላቱን ያዘ። «የብስክሌት ጥገናዬ። ሀ ብሎ ከእኔ ጀመረ።» ከዚያ ሳቀ፣ የደረቀ ሳቅ። «ማን ነበር ደግሞ ‹ዴሊት›ን አጥፋ ብለን እንተርጉመው ያለው?»

«አንተ» አለች ልጅቷ። «እኔ ሰርዝ እንበለው ብዬ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሶኬቱን ሳትለቅ «የሌሎቹ የአምስቱስ?» አለች። ልጅቷ ሰዓቱን አየችና ብርድ ልብስ አነሳች።

ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። እሷ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ እግሯ ግን መርገጫውን አልረገጠም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ላይ ስልኩ ጠራ።

«ምን ሆንሽ? አሰሩሽ?»

«እማ! ማንም አላሰረኝም። አሥራ ሰባቱ አቀረቡ። ሊቀመንበራችን ላፕቶፑ ላይ የድሮ ቅጂ አግኝቶ እሱን አቀረበ፣ አስቀያሚ ነው። ሁለቱ ደግሞ ቤታቸው ነበራቸው።»

«ሦስት ቀሩ።»

«ሦስት ቀሩ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ምንም የላቸውም። አንዷ አለቀሰች። መምህራኑ ሁለት ሳምንት ጨመሩላቸው፤ እኔም እያገዝኳቸው እንደገና ይሠራሉ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥፍቻለሁ በይልኝ።»

«እማ፣ ያንን ቃል ለጊዜው ተይው፣ እባክሽ። ሌላ ፈልጊ።»

«ይቅር በሉኝ ብላለች በይልኝ።»

«እሱ ይሻላል። ደግሞ ቀዩን ቀይረነዋል። ‹ሰርዝ› ሆኗል። ‹እርግጠኛ ነህ?› የሚለው ላይም ‹ነሽ?› ጨምረንበታል፤ ያ የአንቺ ነው።»

ስልኩን አስቀመጠች። ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን አቧራ ቀርቷል። ሰርቨሩ ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ የተሰካ ነገርም የለም። ቢሆንም ተነሳችና የግድግዳውን ሶኬት በመዳፏ ነካችው፤ ሞቆ እንደሆነ።