ዛሬ ሚካኤል ነው

አበራሽ ከጉልላት ጋር ሰሌዳው ፊት ስትቆም ብግን አልኩ። ለእንግሊዝኛው ንግግር ከሴቶቹ አንዷ ትውጣ ሲባል እጄን እስኪገነጠል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቲቸር ቦጋለ ግን "አንቺ ቁጭ በይ፣ አፍ ታበዣለሽ" ብለውኝ እሷን አስነሷት። ንግግር ያለ አፍ ይነገር ይመስል!

ጉልላት ማለት የክፍላችን ጎበዝ ነው። ቤታቸው ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ነው፣ አፍሮው ደግሞ ከሩቅ ይለያል። አንዴ ዞር ብሎ እንዲያየኝ ያላደረግኩት የለም። ሳል በያዘው ጊዜ ሁሉ አብሬው ስያለሁ።

አሁን እሷን እያየ ጠየቃት፦

"ዋት ዴይ ኢዝ ኢት ቱዴይ?"

"ኢት ኢዝ ተርስዴይ" አለች፣ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ።

"ሐሙስ መሆኑንማ የሸጎሌ ገበያ በግም ያውቃል" አልኳት አጠገቤ ለተቀመጠችው ለቶይባ።

"ቀናሽ እንዴ?"

"በምኗ!"

ጉልላት ቀጠለ። "ዋት ኢዝ ዘ ዴት ቱዴይ?"

አበራሽ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። መልሱ እኔ ምላስ ላይ ነው። ይጥፋብሽ፣ ይጥፋብሽ እያልኩ በልቤ ስጸልይ፣

"ቱዴይ ኢዝ ሚካኤል!" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ዴስኩን እየደበደብኩ ነው የሳቅኩት። ቲቸር ቦጋለ ወደ መስኮቱ ገልመጥ አሉና "ዝም በሉ! አንቺ ልጅ፣ የታቦት ስም ስትጠሪ የቀበሌው ካድሬ ቢሰማሽ የሚጠይቀው እኮ እኔን ነው!" አሉ።

በቃ፣ አለቀላት ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ጉልላት ግን ፈገግ ብሎ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"እናንተ ቤት ማኅበር አለ እንዴ?"

"አዎ፣ የእማዬ ተራ ነው። ድፎ ዳቦ ደፍታለች።"

"ታዲያ ጠበል ጸዲቅ ቅመሱ አይባልም?"

"ና ካልክማ ና" አለች፣ የዩኒፎርሟን አንገት እየነከሰች።

ተሳስታ ወሰደችው! ብድግ አልኩ።

"ቲቸር፣ እኔ ልመልስ! ቱዴይ ኢዝ ኦክቶበር ትዌንቲ ሰከንድ!"

"ጎበዝ። ቁጭ በይ።"

ጉልላትን አየሁት። "ቤታችሁ በየት በኩል ነው?" እያላት ነበር።

"አንቺ እኮ ነሽ ልክ" አለችኝ ቶይባ፣ ልታጽናናኝ።

ልክነቱን ማን ፈለገው!